19 ሚሊሜትር፦ ዳገት የጠላችው ቮልስ

መኪናዋ የ1967 እ.ኤ.አ. ሥሪት ቮልስዋገን ናት፤ ሰው ሁሉ በአጭሩ ቮልስ የሚላት፣ ሞተሯን ከኋላ ሻንጣዋን ከፊት የተሸከመችው ያቺው። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። ወደ እኔ ይዘዋት የመጡት እንድጠግናት አልነበረም፤ ሞተሩ ወርዶ ይታደስ ወይስ ሌላ ሞተር ይፈለግላት የሚለውን እንድፈርድላቸው ነበር። “አርጅታለች አሉኝ” አሉና የሞተሩን ክዳን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። “እኔም አርጅቻለሁ፤ ግን ልብህ ወጥቶ ይቀየር ያለኝ የለም።”

ሕመሟን ሲዘረዝሩልኝ እንደ ጥሩ አስታማሚ ነበር። ዳገት ላይ ሦስተኛ ማርሽ አትችልም፤ በሁለተኛ እየተንፏቀቀች ነው የምትወጣው። ሃያ ደቂቃ ያህል ከተነዳች ከኋላ የጋለ ብረት ሽታ ይመጣል። ቁልቁለት ላይ የቤንዚን መርገጫውን ሲለቁት ማርሚታው ውስጥ እንደ ርችት ይፈነዳል። ከሁሉ የሚያሳፍራቸው ግን ቁልፉን ዘግተው ከወረዱ በኋላ የሚሆነው ነው፤ ሞተሩ ሦስት አራት ጊዜ ተንፈራግጦ ነው የሚጠፋው። “ቆማ እንኳ ትከራከረኛለች” ይላሉ።

ባለፉት ስምንት ወራት ያልተደረገላት ነገር አልነበረም። ካርቡሬተሩ ሁለት ጊዜ ታጥቦ በሦስተኛው ተቀየረ። አራቱም ካንዴላዎች፣ ለብልጭታው ኤሌክትሪኩን የሚያጠነክረው ቦቢና፣ ኮንደንሰሩ፣ የካንዴላ ገመዶቹ አዲስ ናቸው። ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ በየተራ የሚያድለው ዲስትሪቢዩተርም ተለውጧል፤ የቀድሞው በቫኪዩም የሚሠራ ሲሆን አሁን የተተከለው በውስጡ ባሉት ተወርዋሪ ክብደቶች ብቻ የእሳቱን ጊዜ የሚያስቀድም ነው። ይህ ሁሉ ወጥቶበት ለውጥ ሲጠፋ የመጨረሻው ፍርድ ተሰጠ፦ የፒስቶን ቀለበቶቹ አልቀዋል፣ ሞተሩ ይውረድ።

ሞተሩ አላረጀም

ይህን ፍርድ መመርመር ከሁሉም ቀላሉ ስለነበር በእሱ ጀመርኩ። ሞተሩን አሙቄ፣ አራቱንም ካንዴላ ፈትቼ፣ መርገጫው እስከ ታች ተረግጦ ሞቶሪኖው ሲያዞረው የየሲሊንደሩን ግፊት ለካሁ። 7.7፣ 7.9፣ 7.4፣ 7.8 ባር። ይዘቱ 1493 ሲሲ፣ የመጭመቂያ ምጥጥኑ 7.5 ለ1 ከሆነ ሞተር ከዚህ የተሻለ መጠበቅ ስስት ነው። ከቁጥሮቹ ከፍታ ይልቅ መቀራረባቸው ይበልጥ ይናገራል፤ ቀለበቱ ወይም ቫልቩ የተበላ ሞተር አራቱን ሲሊንደሮች እኩል አድርጎ አያስረጅም። ሦስተኛው ትንሽ ዝቅ ማለቱ አልገረመኝም። በዚያ ዘመን ሥሪት የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚወርደው ነፋስ መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ከአራቱ ወንድማማቾች በሙቀት የሚሰቃየው እሱ ነው።

የቫልቮቹንም ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ አየሁ። 0.15 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ ሆኖ አገኘሁት። እዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋሁም።

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ሳነሳ ግን አንድ ነገር ተገኘ። ፑንቲና የምንላት ነገር ከአንዲት ትንሽ ማብሪያና ማጥፊያ የተለየች አይደለችም። ስትዘጋ ወደ ቦቢናው ኤሌክትሪክ ይገባል፤ ስትከፈት ይቋረጥና በዚያች ቅጽበት ካንዴላው ላይ ብልጭታ ይወለዳል። ስለዚህ ፑንቲናዋ የምትከፈትበት ጊዜና እሳቱ የሚነሳበት ጊዜ አንድ ናቸው። በዚህ ሞተር ሙሉ በሙሉ ስትከፈት ክፍተቷ 0.4 ሚሊሜትር መሆን ሲገባው፣ የ0.25 መለኪያ ቅጠል እንኳ በግድ ነበር የሚገባው። ክፍተቱ ሲጠብ ፑንቲናዋ ዘግይታ ትከፈታለች፤ እሳቱም አብሮ ይዘገያል። የክፍተቱ ማስተካከያ ሁልጊዜ ከእሳት ጊዜው የሚቀድመው ለዚህ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠው ግማሽ ቀን የሚደክሙ ሰዎች አይቻለሁ፤ እኔም አንድ ጊዜ ከእነሱ አንዱ ነበርኩ።

ፑንቲናዋ ጫፏ ተበልቶ ስለነበር ለወጥኳት፤ ክፍተቷን 0.4 ላይ አሰርኩ። የልቤን ልናገር? በዚህች ሰዓት ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

መብራቱ ሌላ፣ ጆሮዬ ሌላ

በዚህች መኪና ላይ የእሳት ጊዜ የሚነበብበት ዘዴ እጅግ ቀላል ነው፤ ችግሩም ከቅለቱ ይመነጫል። ዲግሪ የተጻፈበት ሰሌዳ የለም። ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚዞረው፣ ከኋላ የሚታየው ትልቁ ፑሌጃ ጠርዝ ላይ ጭረት አለ፤ ከፑሌጃው በላይ ደግሞ የሞተሩ አካል ሁለት ግማሾች የሚጋጠሙበት መስመር አለ። የአንደኛው ሲሊንደር ካንዴላ ሲተኩስ ጭረቱ ከመጋጠሚያው ትይዩ ከሆነ ተስተካክሏል ይባላል። ለአብዛኞቹ የ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. 1200፣ 1300 እና 1500 ሞተሮች የታዘዘው፣ ፒስቶኑ የላይኛው ጫፍ ላይ ከመድረሱ በዘንጉ ዙር 7.5 ዲግሪ ቀደም ብሎ እሳቱ እንዲነሳ ነው።

በዚህ ፑሌጃ ላይ የነበረው አንድ ጭረት ብቻ ነው። ካንዴላው በተኮሰ ቁጥር ብልጭ የሚለውን የታይሚንግ መብራት ከአንደኛው ካንዴላ ገመድ ጋር አያይዤ ስተኩስበት ጭረቱ በመጋጠሚያው ትክክል ሊቆም ጥቂት ቀርቶት ታየኝ። ዲስትሪቢዩተሩን በትንሹ አዙሬ ትክክል አደረግሁት። ሞተሩ ከበፊቱ የተሻለ ድምፅ ሰጠ። አዛውንቱን ከጎኔ አስቀምጬ ወደ ዳገቱ ወጣን።

“እንዴት ነው ጋሼ?” አልኳቸው መሃል ላይ ስንደርስ።

“እሷው ናት፤ ልብሷን ብቻ ቀይራለች።”

እውነታቸውን ነበር። ሦስተኛ ማርሽ ትንሽ ቆየችልን እንጂ ከዳገቱ አጋማሽ በኋላ እንደ ልማዷ ወደ ሁለተኛ ወረድን። ቁልፉን ስዘጋውም ተንፈራገጠች።

ስንመለስ ሞተሩን በሚኒሞ፣ ማለትም መርገጫ ሳይነካ በዝቅተኛው ዙር፣ እንዲሠራ ትቼ የዲስትሪቢዩተሩን ማሰሪያ ዳዶ በ13 ቁልፍ አላላሁ። በውስጡ ያለው ሮተር በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር፣ የዲስትሪቢዩተሩን አካል ከዚያ በተቃራኒ ማዞር እሳቱን ያስቀድማል። በእያንዳንዱ ጊዜ ፀጉር ታህል አዞርኩት። ሞተሩ ቀና አለ። ጨመርኩለት፤ ዙሩ ከፍ፣ ድምፁም ክብ እያለ ሄደ፤ በታፈነ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መስኮት የተከፈተለት ሰው ትንፋሽ ይመስል ነበር። ከሁሉ ጥሩ የሠራበት ቦታ ላይ አቁሜ መብራቱን ስተኩስ ጭረቱ ከመጋጠሚያው 30 ሚሊሜትር ያህል ወደ ግራ ሸሽቶ ቆሟል።

ሁለት ምስክሮች፣ ሁለት ቃል። መብራቱ “እሳቱ ከልክ በላይ ቀድሟል” ይላል። ጆሮዬ “ገና አሁን መተንፈስ ጀመረ” ይላል።

ብዙ አሮጌ እጆች እዚህ ላይ ጆሯቸውን አምነው ዳዶውን ያጠብቃሉ። አልወቅሳቸውም፤ እኔንም አምሮኝ ነበር። ግን ጆሮ የሚፈርደው ሚኒሞ ላይ ብቻ ነው፤ መኪናው ደግሞ የሚነዳው ሚኒሞ ላይ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤንዚንና የአየር ቅልቅል ብልጭታ እንደነካው በአንዴ አይነድም፤ እሳቱ ከካንዴላው ተነስቶ ሲሊንደሩን እስኪያዳርስ ጊዜ ይወስዳል። የምንፈልገው ደግሞ ከፍተኛው ግፊት ፒስቶኑ ጫፉን አልፎ 15 ዲግሪ ገደማ ቁልቁል ሲጀምር እንዲገፋው ነው። ከዚያ ቀደም ካለ ግፊቱ ወደ ላይ የሚመጣውን ፒስቶን ይመታል፤ ከዘገየ የሚሸሸውን ፒስቶን ሲያባርር ጉልበቱን ይጨርሳል። እሳቱ ለማዳረስ የሚወስደው ጊዜ 2 ሚሊሰከንድ ነው እንበል፤ ሞተሩ በደቂቃ 900 ዙር ሲሠራ በ2 ሚሊሰከንድ ውስጥ 11 ዲግሪ ያህል ይዞራል። በ3000 ዙር ግን በዚያችው 2 ሚሊሰከንድ 36 ዲግሪ ይዞራል። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት ክብደቶች ዙር በጨመረ ቁጥር ወደ ውጭ እየተወረወሩ እሳቱን የሚያስቀድሙት ይህን ሩጫ ለመከተል ነው። ሚኒሞ ላይ ለጆሮ ደስ የሚል 15 ዲግሪ ብሰጠውና ክብደቶቹ ሌላ 20 ወይም 25 ቢጨምሩበት፣ መንገድ ላይ 35 እና 40 ደረሰ ማለት ነው። ለዚህ ሞተር በእንዲህ ያለ ዲስትሪቢዩተር ጠቅላላው ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ነው መሆን ያለበት። ከዚያ ሲያልፍ ፒስቶኑ መንኳኳት ይጀምራል፤ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ የራሱ የማራገቢያ ጩኸት ስላለው መንኳኳቱን ሳትሰማው ፒስቶኑ ይበሳል።

ስለዚህ ጆሮዬን እንዳለ አልተከተልኩትም። ግን አልጣልኩትምም። ጆሮ በሁለትና በሦስት ዲግሪ ሊሳሳት ይችላል፤ በሃያ ዲግሪ አይሳሳትም። መብራቱን መጠርጠር ጀመርኩ። ከዚያ አንድ ግልጽ ነገር ትዝ አለኝ፦ መብራቱ ፒስቶኑን አያይም። የሚያሳየኝ አንድ ሰው ብረት ላይ የፈለቀቀውን ጭረት ብቻ ነው። ጭረቱ ምን ማለት እንደሆነ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ማንም፣ እኔም ጭምር፣ አልጠየቀም።

ፒስቶኑን መጠየቅ

መሣሪያው በሃያ ደቂቃ የሚሠራ ነው። ከአንድ አሮጌ ካንዴላ ውስጥ ሸክላውን ሰብሬ አወጣሁና በባዶው ብረት ውስጥ ቡሎን አሰርኩበት፤ የቡሎኑን ጫፍ ፒስቶን እንዳይጭር በሞረድ አክብቤ አለሰለስኩት። ይህ ነገር በካንዴላው ቀዳዳ ሲገባ ወደ ላይ የሚመጣውን ፒስቶን ጫፉ ላይ ሳይደርስ ያስቆመዋል።

የአንደኛው ሲሊንደር ቦታ በቀኝ በኩል ወደ መኪናዋ ፊት ያለው ነው። አራቱንም ካንዴላ ፈታሁ፤ ሞተሩ ያለ ግፊት በቀላሉ እንዲዞርልኝ። ማስቆሚያውን በአንደኛው ቀዳዳ በእጄ ብቻ አጠበቅሁ። ቁልፉን ከመኪናዋ አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ፤ አንድ ሰው በስህተት ሞቶሪኖውን ቢያዞረው ፒስቶኑ ከቡሎኑ ጋር ይጋጫልና። ሞተሩን ያዞርኩት በዲናሞው ዳዶ በኩል በ21 ቁልፍ ነው። ቺንጋው መሃል ላይ ስላለ ከልክ በላይ ብገፋ እንኳ ቺንጋው ይንሸራተታል እንጂ ፒስቶኑ አይጎዳም።

በሰዓት አቅጣጫ ቀስ ብዬ አዞርኩ። ጥቂት ሄዶ እንደ ለስላሳ ግድግዳ ነካና ቆመ። ከመጋጠሚያው መስመር ትይዩ በፑሌጃው ጠርዝ ላይ በቀጭን እርሳስ አሰመርኩ። ከዚያ ወደ ኋላ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ሙሉ ዙር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው አዞርኩት። እንደገና ነካ፤ እንደገና አሰመርኩ። ነገሩ በዚህ አበቃ። ፒስቶኑ ከጫፉ በፊትና ከጫፉ በኋላ በእኩል ከፍታ ላይ ነው ቡሎኑን የሚነካው፤ ስለዚህ የሁለቱ መስመሮች መሃል የፒስቶኑ እውነተኛ ጫፍ ነው። ማንም ሰው የጻፈው ሳይሆን ብረቱ ራሱ የተናገረው።

በልብስ ሰፊ ሜትር ስለካው በሁለቱ መስመሮች መካከል 104 ሚሊሜትር ነበር። 52 ላይ ነጭ ቀለም ነካሁ። አላመንኩም፤ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ አልተለያየም።

አዛውንቱ በጉልበታቸው በርከክ ብለው ሲያዩ ቆይተው “አሮጌው ጭረት የት ገባ?” አሉ። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነበር። አሮጌው ጭረት ከነጩ ነጥብ 7.6 ሚሊሜትር ርቆ፣ በስተግራው ተቀምጧል።

ርቀቱ ሳይሆን አቅጣጫው ነው ያስደነገጠኝ። ከኋላ ቆሞ ለሚያይ ሰው ፑሌጃው በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፤ በላይኛው ጠርዝ ላይ ማንኛውም ምልክት ከግራ መጥቶ ወደ ቀኝ ያልፋል። ከጫፉ በፊት መድረስ ያለበት ምልክት ቀድሞ እንዲያልፍ ከነጩ ነጥብ በስተቀኝ መሆን አለበት። በስተግራ የተቀመጠ ምልክት የሚደርሰው ፒስቶኑ ጫፉን አልፎ ሲወርድ ነው። የፑሌጃውን ዙሪያ ለካሁ፤ 549 ሚሊሜትር። ለ360 ሲካፈል አንድ ዲግሪ 1.525 ሚሊሜትር ሆነ። 7.6 ሚሊሜትር ማለት 5 ዲግሪ ነው። ከጫፍ በኋላ 5 ዲግሪ።

ይህ ቁጥር እንግዳ አይደለም። በ1971 እ.ኤ.አ. አካባቢ የ1600 ሞተሮች የጭስ ብክለትን ለመቀነስ ሲባል ሁለት የቫኪዩም ቱቦ ያለው ዲስትሪቢዩተር ተገጠመላቸው፤ አንዱ ቱቦ እሳቱን ያስቀድማል፣ ሌላው ሚኒሞ ላይ ሆን ብሎ ያዘገየዋል። ለእነዚያ ሞተሮች የታዘዘው ጊዜ በእርግጥም ሚኒሞ ላይ፣ ቱቦዎቹ እንደተያያዙ፣ ከጫፍ በኋላ 5 ዲግሪ ነበር፤ ፑሌጃቸውም በዚያው ልክ ተጭሯል። ሹፌሩ መርገጫውን ነካ ሲያደርግ የማዘግየቱ ኃይል ይለቅና እሳቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያ ጭረትና ያ ዲስትሪቢዩተር ተጋብተው የተሠሩ ናቸው። እዚህ ያለው ግን ከትዳሩ የወጣ ፑሌጃ ነው፤ ጭረቱ የሚያወራለት ዲስትሪቢዩተር የለም።

ስጠይቃቸው አዛውንቱ አስታወሱ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሞተሩ የኋላ ዘይት ሲያፈስ ፑሌጃው ሲፈታ ጠርዙ ተሰብሮ ከሌላ ሞተር በወጣ ተተካ። ሁለቱ ፑሌጃዎች በመጠንም በመልክም አንድ ናቸው፤ በዘንጉ ላይ የሚገቡትም በአንድ ዓይነት ቁልፍ ነው። የሚለያቸው ያቺ ጭረት የተፈለቀቀችበት ቦታ ብቻ ናት። የተካው ሰው አጥፍቷል ለማለት ይከብደኛል፤ ጭረት አየ፣ መጽሐፉ 7.5 አለው፣ አንዱን ከሌላው አገናኘ። ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ፣ እኔም የመጀመሪያው ቀን ላይ፣ ያንኑ ስህተት በላቀ ጥንቃቄ ደገምነው።

ከጫፍ በፊት 7.5 መሆን የነበረበት ከጫፍ በኋላ 5 ሲሆን ልዩነቱ 12.5 ዲግሪ ነው። በፑሌጃው ጠርዝ ላይ 19 ሚሊሜትር። ጣቴን ሳስቀምጥበት በአውራ ጣቴ ስፋት ልክ ሆነ። ካርቡሬተሩ፣ ቦቢናው፣ ካንዴላዎቹ፣ ስምንቱ ወራት፣ ሁሉም በዚያች አውራ ጣት ሥር ነበሩ። ሽታውም ተፈታልኝ፤ እሳቱ ዘግይቶ ስለሚነሳ ቅልቅሉ ገና እየነደደ ሳለ የጭስ ቫልቩ ይከፈትና ፒስቶኑን መግፋት የነበረበት ሙቀት በማርሚታው በኩል ይወጣል።

እንደገና፣ በትክክለኛው ምልክት

ከነጩ ነጥብ በስተቀኝ 11.4 ሚሊሜትር ላይ ቢጫ ነካሁ፤ 7.5 ዲግሪ። በስተቀኝ 45.75 ላይ ቀይ፤ 30 ዲግሪ። ቀዩ ነው ዋናው፤ ለምን እንደሆነ ወዲያው ይታያል።

መጀመሪያ ሞተሩ ቆሞ ሳለ አስተካከልኩት። ቢጫውን ከመጋጠሚያው ትይዩ አምጥቼ የሮተሩን አቅጣጫ አየሁ፤ የዲስትሪቢዩተሩ አፍ ላይ የአንደኛውን ሲሊንደር ቦታ የምታሳይ ትንሽ ጭረት አለች፣ ሮተሩ ወደ እሷ መጠቆም አለበት። ወደ ተቃራኒው ቢጠቁም ኖሮ ሞተሩን አንድ ሙሉ ዙር መጨመር ነበረብኝ፤ አንደኛውና ሦስተኛው ፒስቶን ጫፍ ላይ የሚደርሱት አብረው ስለሆነ ፑሌጃው ብቻውን የትኛው ተራ እንደሆነ አይናገርም። የ12 ቮልት አምፖል አንዱን ሽቦ ከቦቢናው 1 ቁጥር ጫፍ፣ ሌላውን ከሞተሩ አካል አገናኘሁና የመኪናዋን ቁልፍ ከፈትኩ። ፑንቲናዋ ስትዘጋ አምፖሉ ይጠፋል፤ ስትከፈት ይበራል። ዲስትሪቢዩተሩን በሰዓት አቅጣጫ አምፖሉ እስኪጠፋ አዞርኩ፤ ከዚያ በተቃራኒው ትንፋሼን ይዤ በጣም በዝግታ። በራ። እዚያው ላይ ዳዶውን አጠበቅሁ። ቁልፉን ወዲያው ዘጋሁ፤ ፑንቲና ተዘግታ ቁልፍ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ከቆየ ቦቢናው ይግላል።

ሞተሩን ሳስነሳው ሚኒሞው ወደ 1500 ዙር ዘለለ። ለአፍታ ደነገጥኩ፤ ከዚያ ሳቄ መጣ። እሳቱ በዘገየበት ዘመን ሞተሩ ሚኒሞ ላይ መቆም ስላልቻለ አንድ ሰው የካርቡሬተሩን የማቆሚያ ቡሎን አጥብቆ የአየር በሩን በኃይል ከፍቶታል። ቁልፍ ከተዘጋ በኋላ የሚንፈራገጠውም በዚሁ ምክንያት ነበር፦ በሩ ሰፊ፣ የማቃጠያው ክፍል የጋለ፣ ስለዚህ ያለ ብልጭታም ይነድዳል። ቡሎኑን አላልቼ፣ የቅልቅሉንም ቡሎን ከተከፈተበት መልሼ ሚኒሞውን 850 ላይ አስቀመጥኩ። አንድን ስህተት ለማባበል የተደረጉ ማስተካከያዎች፣ ስህተቱ ሲነሳ ራሳቸው ስህተት ይሆናሉ፤ እነሱንም እያሳደዱ መመለስ ግማሹ ሥራ ነው።

ከዚያ መብራቱ፣ በዚህ ጊዜ በእውነተኛ ምልክት ላይ። ሚኒሞ ላይ ቢጫው ከመጋጠሚያው ትይዩ ቆመ። አዛውንቱ መርገጫውን እየጨመሩልኝ ሄዱ፤ ወደ 3200 ዙር ሲደርስ ክብደቶቹ ሙሉ በሙሉ ተወርውረው ማስቀደሙ ቆመ። ቀዩ ምልክት ግን ትይዩ አልቆመም፤ መጋጠሚያውን ሳይደርስ 5 ሚሊሜትር ያህል ወደ ግራ ቀርቷል። ጠቅላላው 33 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው። ይህ ዲስትሪቢዩተር ብቻውን ከ25 ዲግሪ በላይ ይጨምራል። መምረጥ ነበረብኝ፦ ሚኒሞው ላይ 7.5ን ወይስ ከፍተኛው ዙር ላይ 30ን? ሞተር የሚበሳው ሚኒሞ ላይ አይደለም። ቀዩን ከመጋጠሚያው አስተካክዬ አጠበቅሁ፤ ሚኒሞ ላይ ያለው ጊዜ ወደ 4.5 ዲግሪ ወረደ። ጥቂት ለስላሳነት ከሰርኩ፤ ቅሬታ የለኝም።

ዳገቱ ላይ ሦስተኛ ማርሽ እስከ ጫፍ ወሰደችን። ንግግር አልነበረም፤ አዛውንቱ አንድ እጃቸውን ማርሹ ላይ እንዳስቀመጡ፣ ለመቀነስ እየተዘጋጁ፣ ሳይቀንሱ ደረሱ። በዘይት መለኪያው ዘንግ ፈንታ ገብቶ የሚለካው ቴርሞሜትር የመጀመሪያው ቀን በዚሁ ዳገት ጫፍ ላይ 118 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያነበበው አሁን 104 አነበበ። አየሩ በሁለቱ ቀናት ፍጹም አንድ ነበር ብዬ አልምልም፤ የሽታው መጥፋት ግን ቴርሞሜትር አልፈለገም። ቁልፉን ሲዘጉት ጸጥ አለች። እሳቸው ለማረጋገጥ ደግመው አስነስተው ደግመው ዘጉት።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ አልደበቅኋቸውም። ከሚኒሞ ተነስቶ መርገጫውን በድንገት ሲረግጡት ሞተሩ ለቅጽበት ይደናቀፋል። ቫኪዩም የሌለው ዲስትሪቢዩተር ነው፤ ክብደቶቹ እስኪወረወሩ ያለችውን ክፍተት የሚሞላ ነገር የለውም። የቀድሞው ዓይነት በቫኪዩም የሚሠራ ቢገኝ ይህም ይጠፋል። “ይደናቀፍ፤ እኔም ስነሳ እደናቀፋለሁ” አሉኝ።

አሮጌውን ጭረት በብረት ማጣበቂያ ሞልቼ አለስልሼ ጥቁር ቀባሁት፤ ቀጥሎ የሚመጣ ሰው ዳግመኛ እንዳያምነው። በነጩ፣ በቢጫውና በቀዩ ቦታ ላይ ደግሞ ቀለሙ ቢለቅ እንኳ እንዲታወቁ በሞረድ ስስ ጭረት አወጣሁ፤ የየትኛው ትርጉም ምን እንደሆነ በወፍራም ወረቀት ጽፌ በሞተሩ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጠፍኩ።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንዲመለሱ ነግሬያቸው ነበር፤ ተመለሱ። አዲስ ፑንቲና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዘንጉን የምትነካበት እግሯ ይበላል፤ ክፍተቷም ይጠብባል። 0.4 የነበረው 0.36 ሆኖ አገኘሁት፤ ጠቅላላው ጊዜም ወደ 28 ዲግሪ ገደማ ዘግይቷል። ክፍተቱን መልሼ ቀዩን ከመጋጠሚያው አስተካከልኩ፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አዛውንቱ ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት መነጽራቸውን አድርገው ሲያነቡ ቆይተው፣ እርሳስ ጠይቀው ከታች “0.36 ሆኖ ተገኘ፤ ተስተካከለ” ብለው ጻፉና ቀኑን አኖሩበት።